ሐዋሳ፦ ሚኒ 2 ድሮን ሐይቁ ላይ 300 ሜትር ሳይሞላ ሲግናሉ ይቆረጣል

የሐይቅ ዳር ካሜራ

ሰላም ለዚህ መድረክ ቤተሰቦች። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሥራዬ የሠርግና የምረቃ ቀረጻ ነው። የያዝኩት ድሮን ዲጄአይ ሚኒ 2 ሲሆን መቆጣጠሪያው ስልኩን ከላይ የሚይዘው ግራጫው ዓይነት ነው። ቀደም ሲል ከፍቅር ሐይቅ ዳርቻ አስነሥቼ ሙሽሮቹን የያዘችውን ጀልባ እስከ 800 ሜትር ድረስ እከተልበት ነበር፤ ምስሉ አንድም ጊዜ አይቆራረጥም ነበር። አሁን ግን 250 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ምስሉ ይቆማል፤ ስክሪኑ ላይ ምልክቱ ደካማ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ይመጣል፤ ትንሽ ገፋ ሳደርገው ግንኙነቱ ይቋረጥና ድሮኑ በራሱ ወደ ተነሣበት ይመለሳል።

ለመልስ ይረዳችሁ እንደሆነ ሁለት ነገር ልጨምር። ጀልባዋ ከነጥላዋ እንድትታይ ስል የማበርረው ከውኃው 10 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርጌ ነው። ሌላው፣ ከጥቂት ወራት በፊት የፊት ግራ ክንዱ ተሰብሮ አንድ ጥገና ቤት ቀይሮልኛል። ከዚያ ወዲህ ያገኘኋቸው ሥራዎች በሙሉ በግቢና በአዳራሽ ደጃፍ ስለነበሩ ርቀት የሚፈትን አጋጣሚ አልነበረም። ሶፍትዌሩ የታደሰ ነው፤ ባትሪዎቹም ጤነኞች ናቸው። በቅርቡ ሐይቁ ላይ የሚቀረጽ ሠርግ ተቀብያለሁ። የሰው የዕድሜ ልክ ትዝታ በእጄ ስለሆነ በግምት መሄድ አልፈልግም። የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ታቦር ሥር

ወንድሜ፣ ብዙ አትልፋ። ድሮኑ በጂፒኤስ ያለበትን አገር ለይቶ የማሠራጫ ኃይሉን እንደ አውሮፓና እንደ አሜሪካ ባሉ ደንቦች ልክ ራሱ ይወስናል። የአውሮፓውን ገደብ አንሥቶ በአሜሪካው የሚተካ አፕ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ጫነውና ልዩነቱን ታያለህ። ካልሆነም በመቆጣጠሪያው ላይ የሚገጠም የአንቴና ማጠናከሪያ በርካሽ ይሸጣል።

የጥንት ራዲዮ

ልጄ ታቦር ሥር፣ በጎ አሳብህን አከብራለሁ፤ ምክርህ ግን ይህን ወንድማችንን ከችግሩ ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም። ለረጅም ዓመታት የማይክሮዌቭ ማሠራጫ ስተክልና ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሁሉ በፊት ሂሳቡን አብረን እንሥራ።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የአውሮፓው ደንብ የሚፈቅደው ኃይል 100 ሚሊዋት ነው። የዚህ መቆጣጠሪያ የአሜሪካው መጠን ደግሞ ወደ 400 ሚሊዋት ይደርሳል። አራት እጥፍ ኃይል ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በገላጣ ቦታ ሞገድ የሚደክመው በርቀቱ ካሬ ስለሆነ አራት እጥፍ ኃይል የሚሰጠው ሁለት እጥፍ ርቀት ብቻ ነው። አምራቹ ለሚኒ 2 የጻፈው ርቀትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በአሜሪካው 10 ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፓው 6 ኪሎ ሜትር ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተለኩት እንቅፋትና ሌላ ሞገድ በሌለበት ሜዳ ነው፤ ለእኛ የመብረሪያ ፈቃድ አይደሉም። ለምርመራ ግን ይጠቅማሉ።

የወንድማችን ድሮን በዝቅተኛው ኃይል እንኳ 6 ኪሎ ሜትር የመድረስ አቅም ኖሮት 300 ሜትር ላይ ከቆመ ርቀቱ ሃያ ጊዜ አጥሯል ማለት ነው። ሃያ ሲባዛ በሃያ አራት መቶ ነው። ስለዚህ ከ400 እጅ ሲግናል የሚደርሰው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ በእኛ ቋንቋ 26 ዴሲቤል ጠፍቷል። ግማሹ እንኳ በከተማው ሁካታ ምክንያት ነው ብንል የቀረው ብዙ ነው። ይህን ያህል ቀዳዳ በአራት እጥፍ ኃይል አይደፈንም። በዚያ ላይ አፑ ደንብ ያስጥሳል፤ የጎረቤትን ዋይፋይም ይረብሻል። ገጣጣሚው ማጠናከሪያም ቢሆን ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስባል እንጂ አንዲት ሚሊዋት አይጨምርም፤ ትንሽ ካዘመመ ደግሞ ጭራሹን ያጠፋዋል።

እንግዲህ «ኃይል እንዴት ልጨምር» የሚለውን ትተን «የማይሰማው የትኛው ጫፍ ነው» ብለን እንጠይቅ። የራዲዮ ግንኙነት ሁለት ጆሮ አለው፤ አንዱ በእጅህ፣ ሌላው አየር ላይ ነው። ምስሉ ቆሞ ትእዛዝህን ግን ድሮኑ መቀበሉን ከቀጠለ የሚረበሸው አንተ የቆምክበት ቦታ ነው። ምስሉ ጥርት ብሎ እየታየ ትእዛዝ አልቀበል ካለ የሚረበሸው ላይ ያለው ነው። ሁለቱ አብረው ከወደቁ በመሐል ያለው መንገድ ወይም አንቴና ይጠረጠራል። ምስል ብዙ መረጃ ስለሚሸከም በጥቂቱ ቀድሞ መድከሙ ያለ ነው፤ እሱን አትቁጠረው። የአንተ የትኛው ነው?

የሐይቅ ዳር ካሜራ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስክሪኑን በደንብ አስተውያለሁ፤ የመቆጣጠሪያውም የምስሉም ምልክት አብረው ነው የሚወርዱት። የምቆመው ሆቴሎች በተደረደሩበት ዳርቻ ነው፤ ከጀርባዬ ዋይፋይ ሞልቷል። እሱ ይሆን?

የአዳማ ሰማይ

ከአዳማ ነኝ። ዋይፋዩን ችላ አትበለው። እኔ መሐል ከተማ የሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆሜ ሳበርር የዙሪያው ማሠራጫ ሁሉ ፊት ለፊቴ ስለነበር ምስሉ ገና 200 ሜትር ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከከተማው ወጣ ብዬ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ወደሚታዩበት ገላጣ ስሄድ ያው ድሮን ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል። የ2.4 ጊጋኸርዝ መስመር ጠባብ ነው፤ ዋይፋዩ፣ ብሉቱዙ፣ የድሮኑ መቆጣጠሪያ ሁሉም የሚሻሙት ከ2.400 እስከ 2.4835 ያለችውን ነው።

በአፑ የሥርጭት ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ ወደ 5.8 ቀይረህ ሞክር፤ እዚያ መጨናነቁ ይቀንሳል። የስልክህን ዋይፋይና ኢንተርኔት ማጋሪያ አጥፋ፤ ስልኩ መቆጣጠሪያው ላይ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ ከማንም በላይ የሚረብሸው እሱ ነው። መኪና ውስጥ ሆነህ ወይም ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመህም አታብርር።

አያያዝህንም እይ። አብዛኛው ሰው የመቆጣጠሪያውን ጫፍ እንደ ጣት ወደ ድሮኑ ይቀስራል።

የጥንት ራዲዮ

የአዳማው ወንድም ትክክል ብሏል፤ 5.8 ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በተመሳሳይ አንቴናና በተመሳሳይ ኃይል 5.8 ከ2.4 ወደ 8 ዴሲቤል የሚጠጋ ይበልጥ ይደክማል፤ የአውሮፓው ደንብ ደግሞ ለ5.8 የሚፈቅደው 25 ሚሊዋት ብቻ ነው። ስለዚህ በተጨናነቀ ከተማ፣ በቅርብ ርቀት መልካም ነው፤ ለሩቅ አይደለም። ምርጫውን ለድሮኑ ለራሱ ብትተወው ብዙ ጊዜ ደህና ይመርጣል።

አያያዙን በተመለከተ፣ የእነዚህ አንቴናዎች ሥርጭት የቦምቦሊኖ ቅርጽ አለው፤ ሞገዱ በጎንና በጎን ነው የሚወጣው፣ አንቴናው የሚያልፍበት መሐሉ ቀዳዳ ነው። ጫፉን ወደ ድሮኑ ስትቀስር ቀዳዳውን እያሳየኸው ነው። ሚኒ 2 መቆጣጠሪያ ላይ አንቴናዎቹ ያሉት ስልኩን በሚይዘው ተስቦ በሚወጣው ክፍል ውስጥ ነው። እስከ መጨረሻው ሳበው፤ ሰፊው ፊቱ ወደ ድሮኑ ይሁን። ድሮኑ ልክ ከራስህ በላይ ከሆነ መቆጣጠሪያውን ወደ ኋላ ጋደም አድርገው። ለድሮኑ ጀርባህን ሰጥተህ አትቁም፤ ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ይህን ሞገድ ይመጥጠዋል።

ብሎንና ብየዳ

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ያነሣችሁት ጥሩ ነው፤ ግን ዋናው ፍንጭ ታልፏል። እኔ ስልክና ድሮን የምጠግን ሴት ነኝ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንዳየሁ ዓይኔ ያረፈው «የፊት ግራ ክንዱ ተቀይሯል» የሚለው ላይ ነው።

የሚኒ 2 አንቴናዎች ያሉት በሁለቱ የፊት ክንዶች እግሮች ውስጥ ነው። ከእግሩ የተነሣ ቀጭን ገመድ በክንዱ ውስጥ አልፎ፣ ማጠፊያውን ተሻግሮ፣ ሰውነቱ ውስጥ ካለው ሰሌዳ ላይ በጣም ትንሽ በሆነች ክብ መሰኪያ ይያዛል። ክንድ ሲቀየር ይህ ገመድ አብሮ ይቀየራል። መሰኪያዋ በደንብ ካልተጫነች የገባች ትመስላለች፤ ድሮኑ ይነሣል፣ ቅርብ ለቅርብ ያለ ችግር ይበርራል፣ ርቀት ሲመጣ ግን ጉዱ ይወጣል። ወይም ደግሞ ሽፋኑ ሲዘጋ ገመዱ ከጠርዙ ሥር ገብቶ ይጨፈለቃል። ክንድ የቀየረ ባለሙያ ሞተሩ መዞሩን አይቶ ብቻ መመለስ የለበትም፤ ርቀት ፈትኖ ነው ማስረከብ ያለበት። ይህን ሳይ በጣም ነው የማዝነው፤ ደንበኛው የሚያውቀው ሥራ ላይ ሲደርስ ነው።

ሳትፈታው የምታረጋግጥበት መንገድ አለ። ሆቴልም ዛፍም የሌለበት ሜዳ ፈልግ፤ ወደ ጥቁር ውኃ በኩል ገላጣ አታጣም። ድሮኑን 30 ሜትር ከፍ አድርገህ 150 ሜትር ያህል አርቀው፤ እዚያው አየር ላይ አቁመው። አንተ ሳትንቀሳቀስ ድሮኑን ባለበት ቀስ አድርገህ ሙሉ ዙር አዙረው፤ ምልክቱን ብቻ ተመልከት። ሁለቱም አንቴና ጤነኛ ከሆኑ አንዱ ሲሸፈን ሌላው ስለሚተካው ምልክቱ ብዙ አይለዋወጥም። አንዱ ከሞተ ግን በአንድ በኩል ሲዞር ደህና፣ በሌላው በኩል ሲዞር ይወርዳል፤ ምክንያቱም ጤነኛው አንቴና ከሰውነቱና ከባትሪው ጀርባ ይደበቃል። የግራው ከሆነ የሞተው፣ ግራ ጎኑ ወደ አንተ ሲዞር ነው የሚወርደው።

ተመሳሳይ ድሮን ያለው የሥራ ጓደኛ ካለህ ደግሞ የእሱን መቆጣጠሪያ ከአንተ ድሮን ጋር አገናኝተህ ሞክር። ችግሩ ካልጠፋ መቆጣጠሪያህ ነፃ ነው።

ከሜዳው ማዶ

ስለ ፈቃድ ያነሣ የለም። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም ከኢንሳ (ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) እና ከሲቪል አቪዬሽን በኩል ያለው ፈቃድ መሟላት አለበት፤ ለሙከራም ቢሆን። ወረቀቱን ያዝ።

የሐይቅ ዳር ካሜራ

ፈቃዱ ተሟልቷል፤ ስላሳሰብከኝ አመሰግናለሁ።

ብሎንና ብየዳ፣ እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። በነገርሽኝ መሠረት ሜዳ ላይ አዞርኩት። አፍንጫው ወደ እኔ ሲሆን ምልክቱ ሙሉ ነው። ቀኝ ጎኑ ወደ እኔ ሲሆንም ደህና ነው። ግራ ጎኑን ሲያዞርልኝ ግን ወደ አንድ መስመር ይወርዳል፤ ምስሉም ይቆማል። ደግሜ ባዞረውም ያው ነው። የጓደኛዬን መቆጣጠሪያ አገናኝቼ ስሞክርም አልተለወጠም።

አሁን የገባኝ ሌላ ነገር አለ። ጀልባዋን ስከተል ካሜራው እንዲያያት ድሮኑን በግራ ጎኑ ወደ ዳርቻው አድርጌ ነው የማሄደው።

ብሎንና ብየዳ

እንግዲያው ተገኘ። ክንዱን ወደ ቀየረው ቤት ብትመልሰው ኃላፊነቱ የእነሱ ነው፤ እምነት ከሌለህ ሌላ ባለሙያ ፈልግ። የሚሠራው ሰው ባትሪውን አስቀድሞ ያውጣ። መሰኪያዋን በብረት መቆንጠጫ አይጎትት፤ ቀጥ አድርጎ ከላይ ወደ ታች በጣት ጥፍር ወይም በፕላስቲክ ጫፍ ይጫናት፤ ስትገባ ጠቅ ትላለች። ገመዱ ተጨፍልቆ ከሆነ አይቀጠልም፤ ሙሉውን መቀየር ነው። ሽፋኑን ከመዝጋቱ በፊት ክንዱን አጥፎ ዘርግቶ ገመዱ አለመወጠሩን ይይ።

እስከዚያ አታብርረው። አንቴናው የተነቀለ ማሠራጫ ኃይሉን የሚያፈስበት አጥቶ ወደ ራሱ ይመልሰዋል፤ ለማጉያው ክፍል ጥሩ አይደለም።

ታቦር ሥር

ጥሩ ትምህርት ነው፤ የጋሼን ሂሳብም ደግሜ አነበብኩት። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የእኔ ድሮን ክንዱ አልተነካም፤ ሐይቁ ላይ ዝቅ ብዬ ስሄድ ግን እኔም በመሐል ላይ ቦታ አለኝ ምስሉ የሚርገበገብበት። ትንሽ ሳልፈው ይስተካከላል። ሩቁ ደህና ሆኖ ቅርቡ እንዴት ይከፋል?

የጥንት ራዲዮ

ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ለሐዋሳ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

ጠዋት ውኃው ጸጥ ሲል ሐይቁ ለራዲዮ ሞገድ መስታወት ነው። ከድሮኑ ወደ አንተ የሚመጣው ሞገድ ሁለት ነው፤ አንዱ በቀጥታ፣ ሁለተኛው ውኃውን ነክቶ። ውኃውን ሲነካ ይገለበጣል። ሁለቱ እጅህ ላይ ሲገናኙ የሚደጋገፉበት ቦታ አለ፤ የሚጠፋፉበትም ቦታ አለ።

የሚጠፋፉበት የመጨረሻው ሩቅ ቦታ በቀላሉ ይሰላል፦ የመቆጣጠሪያውን ከፍታ በድሮኑ ከፍታ አባዛ፤ በሁለት አባዛ፤ ለሞገዱ ርዝመት አካፍል። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። መቆጣጠሪያውን ከውኃው 1.5 ሜትር ከፍ አድርገህ ይዘህ ድሮኑ በ10 ሜትር ከፍታ ቢሄድ 240 ሜትር ይመጣል። ጥያቄውን ያነሣው ልጃችን የጻፈውን ርቀት ተመልከቱ፤ የደከመው አንቴና እዚያች ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ነው ጨርሶ የሚጠፋው። ጤነኛው ድሮን ግን ተርገብግቦ ያልፋታል። ከዚያ አልፎ 480 ሜትር አካባቢ ሁለቱ ሞገዶች ስለሚደጋገፉ እንዲያውም ይሻላል፤ ታቦር ሥር ያየኸው ይህን ነው። ከዚያ ወዲያ እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ዝቅ ብሎ የሚበርር ድሮን ከተለመደው በፍጥነት ይደክማል።

መድኃኒቱ ከፍታ ነው። ድሮኑን ወደ 30 ሜትር ብታወጣው ያቺ ቦታ ወደ 720 ሜትር ትሸሻለች። በ5.8 ደግሞ ሞገዱ አጭር ስለሆነ በ10 ሜትር ከፍታ የምትገኘው 580 ሜትር ላይ ነው። ሁለቱ መስመሮች አንድ ቦታ ላይ አይጠፉም፤ ድሮኑ በራሱ እንዲመርጥ ተወው ያልኩት ለዚህም ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ውኃውን ሲያናውጠው መስታወቱ ይደፈርሳል፤ ጉድጓዱም ይሞላል፤ ያን ጊዜ ግን ነፋሱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው።

የዳርቻውን ዛፎችም አስቡ። የራዲዮ መንገድ ዓይን የምታየው ቀጭን መስመር ብቻ አይደለም፤ መሐሉ ወፍራም ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት በ2.4 ላይ እኩሌታው ጋ በየአቅጣጫው 5.6 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ድሮኑን በቅርንጫፎች መሐል አሾልከህ እያየኸው «ይታየኛል» ብትል ለዓይንህ እንጂ ለሞገዱ አልታየም። በተለይ ዝናብ የመታው ቅጠል ይጎዳል።

የአዳማ ሰማይ

ጋሼ፣ ይህን ማብራሪያ ገልብጬ አስቀምጫለሁ። ዕድሜ ይስጥልን።

የሐይቅ ዳር ካሜራ

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ሌላ ባለሙያ ጋር ወስጄ ፊቴ ላይ ተከፈተ። መሰኪያዋ ግማሽ ብቻ ነበር የገባችው፤ ገመዱም ማጠፊያው ጋ ተቆንጥጦ ልጡ ተገፍፏል። ገመዱ ከነአንቴናው ተቀየረ። ሜዳ ላይ ሳዞረው አሁን በየትኛውም ጎን ምልክቱ አይወርድም።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ሄድኩ። በ10 ሜትር ከፍታ ጋሼ ያሉት ቦታ ላይ በእርግጥ ምልክቱ ዝቅ ይላል፤ ምስሉ ግን አይቆምም። 25 ሜትር ላይ ሳወጣው ልዩነቱ ጨርሶ አይታይም። 800 ሜትር ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ለሠርጉ ዝቅ ያለውን ቀረጻ ጀልባዋ ገና ዳርቻው አጠገብ ሳለች እጨርሳለሁ፤ ስትርቅ ከፍ ብዬ እከተላታለሁ። የምቆምበትንም ከሆቴሎቹ ፊት ወደ ገላጣው ዳርቻ ቀይሬአለሁ።

የጥንት ራዲዮ

ተባረክ። 800 ሜትር ላይ ግን ያቺን ትንሽ ድሮን ዓይንህ አያያትም። ሲግናሉ ስለደረሰ ብቻ አትሂድ፤ ጀልባዋ ስትርቅ አጠገብህ ሆኖ ሰማዩን የሚጠብቅልህ ሰው አቁም። አሞራ ገደል አካባቢ ከሆንክ በተለይ፤ አባ ኮዳዎቹና ንስሮቹ ከዓሣ አጥማጆቹ አይርቁም፤ ድሮኑ ለእነሱም ለእሱም አደጋ ነው።

አዲስ ተመዝጋቢ

እኔ ጀልባዋ ላይ ሆኜ ማስነሣት ብመርጥስ? ርቀቱ ስለሚያጥር ሲግናሉ አያስጨንቅም ብዬ ነው።

ብሎንና ብየዳ

ሲግናሉ ይሻላል፤ አደጋው ግን ይበዛል። ድሮኑ መመለሻ ብሎ የሚመዘግበው የተነሣበትን ነጥብ ነው፤ ጀልባዋ ግን ትሄዳለች። ግንኙነት ቢቋረጥ የሚመለሰው ጀልባዋ ወደ ነበረችበት ነው፤ እዚያ ያለው ውኃ ብቻ ነው። በአፑ ውስጥ የመመለሻ ነጥቡን ወደ መቆጣጠሪያው ቦታ መቀየር ይቻላል፤ ጀልባዋ ስትንቀሳቀስ ግን ደጋግመህ ማደስ አለብህ። ከዳርቻ አስነሣው፤ ከማስነሣትህ በፊትም የመመለሻ ከፍታውን ከዳርቻው ረጅም ዛፍና ሕንፃ በላይ አድርገህ ሙላ፤ ሚኒ 2 ፊት ለፊት ያለውን እንቅፋት የሚያይ መሣሪያ የለውም።